ካቡን ያፈረሰው ገበሬ

«እማዬ፣ ሰው እያደነቀ ለምን አይማርም?»

ፍሬገነት እናቷን ይህን የጠየቀቻቸው አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ነው፤ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም። አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ጎበዞች ስለሆኑ ርዕሰ መምህሩ፣ «በየሐሙሱ የሒሳብ መምህራኑን ሰብስቢና እርስ በርስ ተማማሩ፤ አንቺ ምሪያቸው» ብለዋት ነበር። መምህራኑ ይመጣሉ። እሷ ታስረዳለች፣ እነሱ ያዳምጣሉ፣ «አንቺማ ተሰጥቶሻል» ብለው አመስግነው ይሄዳሉ። በየክፍላቸው ግን ምንም አይለወጥም። ከአራተኛ ክፍል የሚያልፉላት ልጆች ማካፈል ሳይገባቸው ይመጣሉ፤ የዓመቱ እኩሌታ የእነሱን ጉድለት በመሙላት ያልቃል።

«ነገ ኃላፊነቱን እመልሳለሁ» አለች። «ክፍሌን ዘግቼ የራሴን ልጆች ባስተምር ይሻለኛል።»

እናቷ ወይዘሮ ይመኙሻል ምስር እየለቀሙ ነበር። ትምህርታቸው ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገር ሲነገራቸው ግን እስከ መጨረሻው የሚሰሙ ሴት ናቸው። ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉት።

«መመለሱን ነገ ትመልሻለሽ። አሁን ተቀመጪና ስሚኝ።»

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ማሳው ከተራራው ወገብ ላይ ነው፤ ከበላዩም ከበታቹም ጎረቤቶች ያርሳሉ። አገሩ ቁልቁለት ስለሆነ አፈሩን የሚይዘው የድንጋይ ካብ ነው። ካብ የሌለው ሰው በአንድ ክረምት አፈሩን ለወንዝ ይሸኛል። የዚህ ሰው ካብ ታዲያ ለጉድ ነበር። አባቱ የጀመሩትን እሱ ነው የጨረሰው። ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ መርፌ የማያስገባ። ወደዚያ አገር እንግዳ ከመጣ፣ «የዚያን ሰው ካብ ሳታይ አትሂድ» ይባል ነበር።

ሰውየው ንፉግ አልነበረም፤ የጠየቀውን ሁሉ ያስረዳ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ካቡ ሥር ያቆማቸውና ከሥር እስከ ላይ ይነግራቸዋል። እነሱም ድንጋዩን ዳበስ ዳበስ ያደርጋሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ «እጅህ የተባረከ ነው» ይሉታል። ቤታቸው ሄደው የሱን የሚመስል ካብ ይክባሉ። ከፊት ለፊት ላየው ልክ የሱን ይመስላል። ክረምት ሲገባ ግን ይደረመሳል።

ከሁሉ የሚብሰው ከበላዩ የሚያርሰው ጎረቤቱ ነበር። የሱ ካብ ያልወደቀበት ክረምት የለም። በወደቀ ቁጥር ድንጋዩም ጎርፉም የሚወርደው በጎበዙ ገበሬ ማሳ ላይ ነው፤ ገብሱን ይቀብርበታል። በአንዱ ሐምሌ የገበሬው ካብ ራሱ ከዳር በኩል ተናደ። እንዲህ ያለ ክረምት ከተደገመ ማሳው ገደል እንደሚሆን ያን ጊዜ ገባው።

«ከዚህ በላይ ምን ልንገራቸው?» አላት ሚስቱን።

«አንተማ ነገርካቸው፤ እነሱ መች አዩት» አለችው። «የሚያዩት ፊቱን ነው።»

ሰውየው ዝናቡ አልፎ መሬቱ ሲጠነክር ጎረቤቶቹን ጠራ። የተናደውን ሊያስጠግነን ነው ብለው ዶማቸውን ይዘው መጡ። እሱ ግን የተናደውን አልፎ ሄደና ለእንግዳ ከሚታየው ከረጅሙ ካብ ሥር ቆመ። ዲጅኖውን አነሣ፤ የላይኛውን ድንጋይ ፈነቀለው።

«ኧረ ሰውየውን ምን ነካው?» አለ አንዱ።

«ተው አንተ» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ «የአባትህ አጽም ይወቅስሃል።»

«አባቴም እየካበ ነው ያሳየኝ እንጂ ከካበ በኋላ አይደለም» አለና ሁለተኛውን ድንጋይ ፈነቀለ። «ኑ፣ ቀረብ በሉ። እዚያ ሆናችሁ አይታይም።»

ረድፍ በረድፍ አወረደው። ያን ጊዜ ከፊት የማይታየው ታየ። ከካቡ ጀርባ ያለው አፈር ሳይሆን ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠር ነው። ረጃጅሙ ድንጋይ ርዝመቱን ወደ ተራራው ሆድ ሰዶታል። መሠረቱም ለስላሳውን አፈር አልፎ ጠንካራው መሬት ድረስ ወርዷል። ይህን ሁሉ በቃል ሰምተውት ነበር። አሁን ግን ጎንበስ እያሉ እጃቸውን ሰደዱበት።

«እኔ እኮ ጠጠር ጠጠር ስትል ለማሳመር መስሎኝ ከላይ በተንኩት» አለ አንዱ። ሳቁበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

ላይኛው ጎረቤት ግን አልሳቀም። ተንበርክኮ ከጠጠሩ መሃል አንድ ቦታ በጣቱ ይጭር ነበር።

«ይሄ ታሟል» አለ።

«የቱ?»

«እዚህ ጋ። ጭቃ ገብቶ ውሃው ተኝቶበታል። መጀመሪያ ሆዱ ይነፋል፣ ከዚያ ይሄዳል። የመውደቅ ነገር ከእኔ ይጠየቅ፤ ስንቱን አሳልፌ መጥቼ።»

ሰዎቹ ዞረው ገበሬውን አዩት። ልጄ፣ የሰውየው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። በሰው ፊት ነው የተነገረው፣ ያውም ካብ ቆሞለት ከማያውቅ ሰው አፍ። ቢቆጣ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ዲጅኖውን አስቀምጦ አጠገቡ ተንበረከከና፣ «ከየት እንደሚጀምር አሳየኝ» አለው።

ካቡን በደቦ መልሰው ሠሩት። ከዚያ ወደ ላይኛው ጎረቤት ወጡ፤ እዚያ አዛዡ ባለማሳው ሆነ፣ ጎበዙ ገበሬ ድንጋይ አቀባይ። ከዚያ ወደ ሌላው። በየማሳው አንድ ነገር ይፈርሳል፣ ይታያል፣ ይጨቃጨቁበታል፣ ይሠራል። በሚቀጥለው ክረምትም ካብ አልወደቀም አልልሽም፤ ወድቋል። ግን የወደቀበት ሰው እንደ ድሮው ሰው ሳያየኝ ልጠግን ብሎ አይሽቀዳደምም፤ «ወደቀብኝ፣ ኑ እዩልኝ» ይላል። ኋላም ገበሬው ታሞ አልጋ የያዘበት ጊዜ መጣ። ሥራው አልቆመም። ከተኛበት ሆኖ ከላይ ማሳ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማ ነበር፤ ማን እንደሚያዛቸው እንኳ አያውቅም። ያን ዕለት ፈጣሪውን አመሰገነ።

ወይዘሮ ይመኙሻል ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ያ ገበሬ አንቺ ነሽ፣ ፍሬ። ካቡ ክፍልሽ ነው። ላይኛው ማሳ አራተኛ ክፍል ነው፤ በርሽን ብትዘጊም ጎርፍ በበር አይገባም። አንቺ ሐሙስ ሐሙስ የምታሳያቸው የካቡን ፊት ነው፣ የተሳካልሽን። ሰው ያማረ ነገር ሲያይ ያደንቃል። ሲፈርስና ሲሠራ ካላየ ግን ከየት ይማራል? የሚያቅትሽን አስተምሪና ይዩሽ። የማይሳካለት የሚመስልሽ መምህር አንቺ ያላየሽውን ያይልሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ‹አሳየኝ› በዪው። መሪነት ይሄ ነው፤ ነገ አንቺ ባትኖሪም ሥራው እንዳይቆም።»

ፍሬገነት ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ተበላሽቶብኝ ቢስቁብኝስ?»

«ይስቁ። በጠጠሩም ስቀው የለ?»

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ይመኙሻል ከኪዳን ሲመለሱ ፍሬገነት ጫማዋን እያሰረች ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ከደጅ ቆመው «አንቺን የመሰለ አስተማሪ» ብለው ያሞግሷትና ይሸኟት ነበር። በዚህ ቀን በርጩማ ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ማስረዳት የሚያቅትሽ የቱ ነው?»

«ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል» አለች ልጅቷ ብዙም ሳታስብ። «ሁለተኛውን ገልብጠህ አባዛ ይባላል። ለምን እንደሚገለበጥ ግን ልጆቹ አይገባቸውም፤ ይሸመድዱታል።»

«በይ ለእኔ አስረጂኝ።»

አስረዳቻቸው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«አልገባኝም» አሉ።

በሌላ መንገድ ሞከረች። ቁጥሮቹን አሳነሰችላቸው፣ በጣቷ መሬት ላይ ሠራችላቸው።

«አሁንም አልገባኝም፣ ልጄ።»

ፍሬገነት እጇን አራግፋ ተነሣች። «እንግዲያው ዛሬ መምህራኑ ፊት የማስተምረው ይሄንኑ ነው» አለች።

«እንግዲያው» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል፣ «ስትመለሺ እነሱ እንዴት እንዳስረዱት ትነግሪኛለሽ። እኔም ሊገባኝ ይገባል።» ነጠላቸውን አጣፍተው እስከ መንገዱ ድረስ ሸኟት።