አጥር ሥር የቀረው ድንጋይ

አንድ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። አቶ ቢረሳው ይባላሉ። የተጣሉ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተጋፉ ጎረቤታሞች፣ ሁሉም ወደ እሳቸው ይመጣል። እሳቸው የገቡበት ነገር ፍርድ ቤት አይደርስም ይባል ነበር፤ ይህ ሲነገር መስማት ደስ ይላቸዋል።

በዚያው ከተማ አስካለ የምትባል ሴት ደምለው ከሚባል አንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ልጇ አናጺ ነው። አንድ ቀን ከገበያ አብረው ሲመለሱ የአንድ ሀብታም ነጋዴ ልጅ የአባቱን መኪና እያከነፈ መጥቶ ደምለውን ገጨው። መኪናው ቆመ። ጎረምሳው ወረደ፣ የወደቀውን አየ፣ ተመልሶ ገባና ሄደ። ደምለው ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። አስካለ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ የልጇን ራስ እንዳቀፈች "የሰው ያለህ!" ስትል፣ ሰው ሳይደርስ እጇ ላይ አለፈ።

ጎረምሳው ለፖሊስ "ሰው መሆኑን አላየሁም" ብሎ ቃሉን ሰጠ። ወርዶ ማየቱን የምታውቀው አስካለ ብቻ ናት። "ዳኛ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም" አለች።

ሐዘኗ ሳይበርድ አቶ ቢረሳው ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እንደ አገሩ ወግ በዳይ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይቅርታ ይለምናል። ያን ዕለት ድንጋዩን የተሸከመው ግን ነጋዴው አባት ነበር። ልጁ ደጅ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። መኪናዋ ያችው ናት፤ ታጥባለች።

"ያ ልጅ የት አለ?" አለች አስካለ።

"ደንግጧል፣ ልጄ። አባቱ መጣ ማለት እሱ መጣ ማለት ነው" አሉ አቶ ቢረሳው።

"ልጄን የገጩት እኚህ ሰውዬ አይደሉም። ድንጋዩን እሱ ይሸከመው። ፊቴ ቆሞ 'አይቼው ነው ጥዬው የሄድኩት' ይበለኝ። ከዚያ በኋላ ይቅርታውን እኔ አውቃለሁ።"

"ደምለው እንደሆነ አይመለስልሽም። ይህን ሁሉ ሽበት ደጅሽ ላይ አቁመሽ እንቢ ልትይ ነው? ፈጣሪስ ምን ይልሻል?"

ጎረቤቶቿም "ተይ አስካለ፣ የሽማግሌ ፊት አይመለስም" እያሉ ከበቧት። ምስኪን ሴት፣ አንድም ከጎኗ የቆመ አልነበረም። እያለቀሰች ድንጋዩን ከነጋዴው ትከሻ አወረደች። አቶ ቢረሳውም ነገሩን ዳግም ላታነሳ፣ ዳኛ ፊትም ላትቆም በፈጣሪ ስም አስማሏት። ረጅም ምርቃት ተመረቀ። ምስክር አልነበረምና መዝገቡ ተዘጋ። ጎረምሳው መኪናውን አስነሥቶ አባቱን ወደ ቤት ወሰደ። ድንጋዩን ግን የወሰደው ሰው ስላልነበረ አጥሯ ሥር ቀረ።

ዓመት ሳይሞላ ያው ጎረምሳ፣ በዚያችው መኪና፣ የአቶ ቢረሳውን የልጅ ልጅ ትርሲትን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገጭቶ ገደላት። አሁንም ጥሏት ሄደ። አሁንም "አላየሁም" አለ። ለቅሶው ላይ ሽማግሌዎች መጡ፤ ነጋዴው ሌላ ድንጋይ ተሸክሟል።

"ልጁን አምጡት!" ብለው ጮኹ አቶ ቢረሳው።

"እርስዎም እንዲህ ይላሉ?" አሉ ሽማግሌዎቹ ተገርመው። "ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

አቶ ቢረሳው ሽማግሌዎቹን ትተው በቀጥታ ወደ አስካለ ቤት ሄዱ።

"ልጄ፣ ያየሽውን ለዳኛው ንገሪልኝ። ይህ ልጅ አይቶ ጥሎ እንደሚሄድ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።"

"አባባ፣ እኔማ ልናገር ተነሥቼ ነበር። አፌን የዘጉት እርስዎ ነዎት።"

"መሐላውን አንሥቼልሻለሁ።"

"ያስማሉኝ በራስዎ ስም ቢሆን ኖሮ ያነሡልኝ ነበር። በፈጣሪ ስም ነው ያስማሉኝ።"

ሽማግሌው አጥሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ያን ጊዜ አዩት። ሄደው እላዩ ላይ ተቀመጡ። አስካለ ግን ክፉ ቃል አልተናገረቻቸውም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ለቅሶ ቤት ሄደች፤ ከትርሲት እናት ጎን ተቀምጣ ከሁሉም በላይ አለቀሰች። ስላየችው ነገር ግን አንድ ቃል አልወጣትም። ጎረምሳው ዛሬም ይነዳል።

እርቅ መልካም ነገር ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ይቅርታ የሚለመነው እውነቱ ከተነገረ በኋላ ነው፤ የሚለምነውም በዳዩ ራሱ ነው። እውነቱን ቀብሮ የሚያስታርቅ ሰው በደሉን አላስቀረም፤ ወደ ሌላ ሰው ቤት ሰደደው እንጂ። ያ ቤት የራሱ ሊሆን እንደሚችል ደግሞ አያስብም።

አንባቢ ሆይ፣ ነገ አንተም ለሽምግልና ትጠራ ይሆናል። ያዘነችውን እናት በር ከማንኳኳትህ በፊት፣ ድንጋዩን የተሸከመው ማን እንደሆነ ዞር ብለህ ታያለህ?