ለምስጋና ተጠርታ ጥርጣሬ ይዛ የሄደች ሐኪም

አንዲት ሐኪም ነበረች። ባሕር ማዶ ተምራ የተመለሰች፣ የሠራችውን ደግማ ካላየች እንቅልፍ የማይወስዳት።

ጋሽ ኤርጊቾ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ልብሳቸው ሰፍቷቸው ወደ እሷ መጡ። ቆሽታቸው አብጧል። ካንሰር ይሆን? በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ብግነት፣ ማለትም የሥጋ መቆጣት እንጂ ካንሰር አልተገኘም። ሐኪሟም ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ሰጠቻቸው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ዓይናቸው ጠራ! ምግብ ተበላላቸው! ቤተሰቡ የምስጋና ድንኳን ተከለ፤ ሐኪሟንም ጋቢ ሊያለብሳት ጠራ።

እሷ ግን ከመሄዷ በፊት እንደገና ያስነሣችውን የሆድ ምስል አየች። እብጠቱ ቀንሷል። የቆሽቱ ቱቦ ግን አንድ ቦታ ላይ አሁንም እንደ ጠበበ ነው፤ ይህ ደግሞ የካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በካንሰር ዙሪያ ያለውን ብግነትም እንደሚያበርድ ታውቃለች። ዝም ብላ ጋቢዋን ትልበስ? ወይስ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ተሳስቼ ይሆናል" ትበል?

ሄደች። እንደ አገሩ ደንብ መጀመሪያ የታማሚውን ታላቅ ወንድም ወደ ጎን ጠርታ ነገረቻቸው።

"ዛሬ? በምስጋናው ቀን?" አሉ ወንድምየው። "የእግዜርን ሥራ ትጠራጠሪያለሽ?"

"የእሱን አይደለም አባባ፣ የራሴን ነው።"

"በይ ለወንድሜ እንዳትነግሪው!"

ጋሽ ኤርጊቾ ከመቀመጫቸው ተጣሩ። "ምን ታንሾካሹካላችሁ? ወንድሜ ምስጢር ሲይዝ ጆሮው ይቀላል። ዶክተር፣ ካንሰር ነው?"

"ሊሆን ይችላል። ደግመን ናሙና ካልወሰድን አላውቅም።"

ጋሽ ኤርጊቾ ተነሡና ጋቢውን በገዛ እጃቸው አለበሷት።

"ዕድሜዬን ሙሉ 'ሥራችሁን ደግማችሁ እዩ' ስል ኖሬአለሁ። የሰማኝ ጥቂት ነው! ይህችን ባላስተምራትም እኮራባታለሁ። በሉ ብሉ፤ እኔ ነገ ሆስፒታል ነኝ።"

ሁለተኛው ናሙና ካንሰሩን አገኘው፤ ብግነት መስሎ የተሸሸገ፣ እምብዛም የማይታይ ዓይነት። ግን ገና አልተሠራጨም ነበር፤ በቀዶ ጥገና ወጣ። ጋሽ ኤርጊቾ ዛሬም ሰው ባገኙ ቁጥር "የእኔን ሐኪም አታውቋትም?" ይላሉ።

እናንተስ ወገኖቼ? ታርቀናል ያላችሁት ጠብ፣ ትተነዋል ያላችሁት ልማድ፣ ላዩ ስለ ጠራ ብቻ ምስጋና አልደገሳችሁለትም? እብጠቱ ጎደለ ማለት ሥሩ ወጣ ማለት ነው? ራስን መመርመርን የእምነት ጠላት ያደረገውስ ማን ነው?

በደስታችሁ መካከል "እስቲ ደግመን እንየው" የሚላችሁ ሰው ቢመጣ አታባርሩት። አጠገባችሁ አስቀምጡት። ሰው "ማን ነው?" ቢላችሁም አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ "የእኔ ሰው ነው" በሉ።