የሚረጋ ነገር አይነካም

አንድ እንጨት ጠራቢ ነበረ። ሚስት ነበረችው፤ ጎረቤትም ሞልቶት ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ግንድ ሲጠርብ መጥረቢያው አዳለጠውና ጭኑን በላው። ደሙ እንደ ምንጭ ይፈልቅ ጀመር።

ሚስቱ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ነጠላዋን አጣጥፋ ቁስሉ ላይ ጫነች፤ በሁለት እጇ፣ በሙሉ ክብደቷ። ደሙ ጋብ ሊል ሲል አንድ ጎረቤት ደረሰ።

«እኔን ወንድሜ። እስቲ ልየው» አለ።

ሰው ደንግጦ መጥቶ ልየው ሲል አይሆንም ይባላል እንዴ? ገልጣ አሳየችው። ጨርቁ ሲነሣ ደሙ እንደ አዲስ ፈለቀ። ሰውዬው ከንፈሩን መጠጠና ወደ ኋላ ብሎ ቆመ። ሴትዮዋ መልሳ ጫነች። አንዲት ጎረቤት ደግሞ መጣች፤ «እኔስ ሳላየው ልቅር?» አለች። እሷም አየች። ሦስተኛው ጥልቀቱን ለሌሎች ሊመሰክር ጎንበስ ብሎ አየ። ባልየው ገረጣ፤ ላቡ ቀዘቀዘ፤ «ውሃ ጠማኝ» ማለት ጀመረ። ጤና ጣቢያው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። እስከዚያ የተሰበሰበ አሥራ ሁለት ወንድ ቆሟል፤ ልሸከም ያለ አንድ የለም። ከንፈር መምጠጥ ደም የሚያቆም ቢሆን ኖሮ ያን ቀን አንዲት ጠብታ ባልፈሰሰች።

በመጨረሻ የሰፈሩ አስታራቂ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ።

«ግለጪውና ልየው፣ ልጄ» አሏት።

እጇን ልታነሣ ነበር። ከጨርቁ ጠርዝ ላይ ግን መርጋት የጀመረውን ደም አየች፤ ማሰሮዋ ትዝ አላት። ወተት ስታረጋ ማንም እንዲደርስባት አትፈቅድም። ልጆቿን «የሚረጋ ነገር አይነካም» እያለች ትቆጣለች። ለእርጎ የተቆጣሁ ለባሌ ልፈር? አለች በሆዷ። ንዴቱ ከእግር ጥፍሯ ተነሣ።

«አልገልጥም፣ አባባ።»

«እኔን ነው?»

«እርስዎን። ሙሽራ አይደለም እየተገለጠ የሚታይ። ለማየት የመጣ ይሂድልኝ፤ ለመሸከም የመጣ ይቅር።»

«ባለጌ» አለ አንዱ ከኋላ።

«ነኝ» አለችው ዞር ሳትል። «አንተ ጨዋው፣ በል በሩን ንቀልና አምጣ።»

አፍሮ ነቀለ። አራት ሆነው በበሩ ላይ ተሸከሙት። እሷ እጇን ሳታነሣ ከጎን ከጎን ሄደች። ነጠላው ሲርስ አልገለጠችውም፤ ሻሿን ፈትታ ከላዩ ደረበችበትና መጫኗን ቀጠለች። ሐኪሙ ጋ ሲደርሱ ብቻ ለቀቀች። ሰውዬው ተሰፋ፤ ዳነም።

ከሁለት ወር በኋላ ባልና ሚስት ይቅርታ ለመጠየቅ ሽማግሌው ቤት ሄዱ። ባልየው የሄደው በዚያችው እግሩ ነው። «ሚስቴ አስቀይማዎታለች» አላቸው። ሽማግሌው «እስቲ ጠባሳውን ልየው» አሉ።

«አሁን ይታያል» አለች ሚስቱ።

እንግዲህ እትዬ ትርንጎ፣ የሚደማ ቁስል ተጭነው ይያዙ እንጂ ለማንም እየገለጡ አያሳዩ ስልዎ፣ «በትልቅ ሰው ፊት እምቢ ማለት ነውር አይሆንብኝም ወይ?» ነበር ጥያቄዎ። ይሆንብዎታል። ባለጌም ይባላሉ። ግን የሚፈሰው ደም የሚረጋው ወተት ነው፤ እጅዎ የማሰሮው ክዳን ነው፤ ይሉኝታዎ ደግሞ ማሰሮውን የሚነቀንቀው ሰው ነው። ጨርቁ ቢርስ ሌላ ይደርቡበት እንጂ ሐኪም ጋ እስኪደርሱ አያንሡት። ስድቡ ግድ የለም፤ ባልዎ ከዳነ ሄዶ ያስታርቅዎታል። ከሞተ ግን ያው ጎረቤት ለልቅሶ ይመጣል። ያኔም የሚልዎት «ፊቱን እስቲ ልየው» ነው።