እየራቀ የሄደው መሶብ

ተረት ጭኜ መጣሁ። «በምን ጫንከው?» በሉኝ እንጂ። በበቅሎ ነዋ። «በቅሎዋስ የታለች?» በሉኝ። ባላምባራስ ሊቀመጡባት ሲመጡ አይታ ጠፋች። እኔም ተረቱን ተሸክሜ በእግሬ ገባሁ። በሉ ጠጋ በሉና ሸክሜን አራግፉልኝ።

በድሮ ዘመን ባላምባራስ ወንድይራድ የሚባሉ ባለርስት ነበሩ። ደግ ሰው ነበሩ። ደግነታቸው ግን ከሆዳቸው አይበልጥም፤ በዚያ አገር ከሆዳቸው የሚበልጥ ነገር አልነበረማ። በርጩማ ላይ ሲቀመጡ በርጩማው ያቃስታል። መቀነታቸውን የሚያስታጥቋቸው ሁለት አሽከሮች ነበሩ። አንዱ ጫፉን ይዞ በግራ ይሄዳል፣ አንዱ ጫፉን ይዞ በቀኝ ይሄዳል፤ ከጀርባቸው ሲገናኙ እንደ መንገደኛ «እንዴት ዋልክ?» ይባባላሉ።

ባላምባራስ መንገዳቸው አጭር ነበር። ከመደብ ወደ መሶብ፣ ከመሶብ ወደ መደብ። እሱንም ቢሆን የሚሄደው መሶቡ ነው፤ እሳቸው ቁጭ ብለው ይጠብቁታል።

ከቤታቸው ማዶ ሰፊ መስክ ነበራቸው። በመስኩ ውስጥ ምንጭ አለ። በጋው ሲከር፣ ወንዙ ሲደርቅ፣ ያ ምንጭ አይደርቅም። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ይህን ውሃ የተጠማ ሁሉ ይጠጣው። ማንም እንዳይከለከል፤ አደራ» ብለዋቸው ነበር። ባላምባራስም አደራውን ጠበቁ። የአገሩ ከብት ሁሉ ከዚያ ይጠጣ ነበር።

ከመስኩ ወዲያ ደግሞ ባሻ ቸርነት የሚባል ጎረቤት ነበረ። እሱን እንኳ አንቱ አልለውም። ቸርነት ብሎ ስም ያወጣለትንም ሰው እግዜር ይቅር ይበለው። መንገደኛ ጥላው ሥር እንዳያርፍ ብሎ የገዛ ዋርካውን የቆረጠ ሰው ነው።

ይህ ባሻ ቸርነት አንድ ቀን ተነሣና ምንጩ ያለበት መስክ የኔ ነው አለ። ወሰኑን የሚያውቁት ሽማግሌዎች አልቀዋል፤ የሚመሰክር ጠፋ። ነገሩ ከዳኛው ዘንድ ደረሰ። ዳኛው ጺማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ብዙ ሰምተው ጥቂት የሚናገሩ አዛውንት ነበሩ።

«የአባቶቻችን ሕግ አለ» አሉ። «መሬቱ የኔ ነው ያለ ሰው ከመሬቱ ጓል አንሥቶ በራሱ ይሸከማል። ወሰኑን በእግሩ ይዞራል። በየወሰን ድንጋዩ ቆሞ ይምላል። ጓሉ ሳይወድቅ፣ ሰውየው ሳይቀመጥ ከዞረ መሬቱ የእሱ ነው። ከተቀመጠ ግን የባላጋራው ነው። ዛሬ የመስቀል ማግስት ነው፤ መሬቱን የያዙት ባላምባራስ ናቸውና ጥምቀት ሲያልፍ እሳቸው ይዞራሉ።»

ባሻ ቸርነት በሳቅ ፈረሰ።

«ባላምባራስ ወሰን ሊዞሩ? እንቁላል በእግሩ ሲሄድ፣ ያን ጊዜ እሳቸውም ይዞራሉ።»

ሰውም ሳቀ። ባላምባራስ ራሳቸው፣ ሳቅ ወዳድ ናቸውና፣ አብረው ሳቁ። እቤታቸው ሲደርሱ ግን ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ያልሳቁት ሚስታቸው ወይዘሮ ማንአህሎሽ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ወደ ጓሮ ዞሩና ቀይዋን ዶሮ እንቁላል አስታቀፏት።

ባላምባራስ በማግሥቱ ተነሥተው ጥፋቱ የአፌ ነው አሉ። ከዛሬ ጀምሮ እህል የሚባል አልቀምስም ብለው ማሉ። ወይዘሮ ማንአህሎሽ «ቀስ ይሻላል፣ ጌታዬ» አሉ። ባላምባራስ «ቀስ የምልበት ጊዜ የለኝም» አሉ። አንድ ቀን ጾሙ፤ ኮሩ። ሁለት ቀን ጾሙ፤ ከአሽከር ከደንገጡሩ ተጣሉ። በሦስተኛው ቀን የቀረባቸውን ሁሉ ውዝፉን ጨምረው በሉ። ነገ እንዳይቸግር ብለው የነገንም አከሉበት።

ቀጥለው ጥፋቱ የእግሬ ነው አሉ። ያንን ተራራ በአንድ ትንፋሽ እወጣዋለሁ ብለው ተነሡ። ወይዘሮ ማንአህሎሽ «ቀስ ይሻላል፣ ጌታዬ» አሉ። ባላምባራስ «ቀስ የምልበት ጊዜ የለኝም» አሉ። ከተራራው ግርጌ ሳይደርሱ ትንፋሻቸው ጥሏቸው ተመለሰ። በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው፤ ተሸካሚዎቹ በየጉብታው እያረፉ፣ እየተፈራረቁ። በዚያ ተራራ ሰበብ የቀጠነ ሰው ቢኖር ተሸካሚዎቹ ናቸው።

ሦስተኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሆዴ ነው አሉ። ኮሶ ይምጣልኝ አሉ። ወይዘሮ ማንአህሎሽ «ቀስ ይሻላል፣ ጌታዬ» አሉ። ባላምባራስ «ቀስ የምልበት ጊዜ የለኝም» አሉ። ለሌላው ሰው አንድ ዋንጫ የሚበቃውን ኮሶ እሳቸው ሦስት ጨለጡት። ያን ዕለት ከቤት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ቤት ሲሮጡ ዋሉ። እውነቱን እንናገር ከተባለ በዕድሜያቸው ብዙ የሄዱበት ቀን ያ ነበር። ማምሻውን ግን ባዶ የቀረውን ሆድ በሙክት ሞሉት።

ከዚያ በኋላ ባላምባራስ መደባቸው ላይ ተጋድመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ግን አለቀሱ።

«ማንአህሎሽ፣ የአባቴን አደራ በላሁት» አሉ። «ያገኘሁትን ሁሉ ስበላ ኖሬ፣ በመጨረሻው አደራም በላሁ።»

ወይዘሮ ማንአህሎሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው። እንግዲያው ተነሥተው ምሳዎን ይብሉ አሏቸው። ብቻ ቤቱ ቁንጫ ስለገባበት መሶቡን ደጃፍ ነው ያኖርኩት አሉ።

ባላምባራስ አጉረመረሙ። ቢሆንም ምሳ ምሳ ነው። ተነሡና እስከ ደጃፍ ሄዱ።

ሰነበተና ደጃፉ ጉንዳን ወረረው ተባለ። መሶቡ ወደ አጥሩ ሄደ። ባላምባራስም አጉረምርመው ተከተሉት። ሰነበተና አጥሩ ዘንድ ነፋስ በዛ ተባለ። መሶቡ ከአጥሩ ውጭ ካለው ግራር ሥር ሄደ። ባላምባራስ ይህ ቤት ምን ዓይነት መቅሠፍት ወረደበት እያሉ ተከተሉት። ማጉረምረማቸው ግን ቀነሰ፤ መንገድ ላይ የሚያጉረመርም ሰው ወጡ ይቀዘቅዝበታል።

በዚህ መሀል እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። ቀይዋ ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ መሶቡ አጠገብ መጣች። ወይዘሮ ማንአህሎሽ፣ ነፍስ ናቸውና የመጨረሻዋን ጉርሻ ለእነሱ ያድርጓት ብለው ለመኑ። ባላምባራስ ደግ አይደሉ? ሰጡ። ሌላ ቀን ደግሞ ጫጩቶቹ አደጉ፣ አንዷ አትበቃቸውም ተባለ። ሁለት ሰጡ። ዶሮዎቹም ነገሩ ገባቸው፤ ባላምባራስ ከመደብ ሲነሡ ባዩ ቁጥር ተሰልፈው ይከተሏቸው ጀመር።

ሌላም ሌላም ነገር ተለወጠ። ወጡ ላይ በጭልፋ ይፈስ የነበረው ቅቤ በማንኪያ ሆነ። በማንኪያ የነበረው በጣት ጫፍ ሆነ። የጠላው ዋንጫ እንደ ምንም ብሎ አነሰ። ባላምባራስ ዋንጫውን አገላብጠው አዩትና የጨመርኩት እኔ ነኝ ወይስ የቀነሰው እሱ ነው ብለው ተገረሙ። ደግሞም መሶቡ ከሩቅ ስለሚጠብቃቸው፣ ሲደርሱ ጎመኑም ሽሮውም እንደ ሙክት ይጥማቸው ነበር።

መሶቡ እየራቀ ሄደ። ከግራሩ ወደ መስኩ ዳር። ከመስኩ ዳር ወደ መጀመሪያው የወሰን ድንጋይ፣ ሾላው ሥር። ከዚያ ወደ ሁለተኛው የወሰን ድንጋይ፣ ገደሉ አፋፍ። ከዚያ ምንጩን ተሻግሮ ወደ ሦስተኛው የወሰን ድንጋይ፣ ቀጋው ቁጥቋጦ ዘንድ።

አንድ ቀን ባላምባራስ ቀጋው ዘንድ ተቀምጠው ቆሎ ሲቆረጥሙ ዞር ብለው ወደኋላ አዩ።

«ማንአህሎሽ፣ ያ እንደ ጎጆ አንሶ የሚታየው የማን ቤት ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ጌታዬ።»

«እዚህ ድረስ ማን አመጣኝ?»

«ሆድዎ። እሱን አስቀድሜ ላክሁት፣ እርስዎ ተከተሉት።»

ባላምባራስ አፋቸው ውስጥ ያለውን ቆሎ ዋጡት። ከዚያ ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ያን ጊዜ ነው ሆዳቸው በሁለት እጃቸው እንደሚያዝ ያወቁት። ደስታው አላስችል ብሏቸው ተነሥተው እስክስታ ወረዱ። ዶሮዎቹም ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ ክንፋቸውን እያራገቡ ዞሯቸው። ከዚያ ወዲያ መቀነቱን የሚያስታጥቅ አንድ አሽከር በቃ። ሁለተኛው ሥራ ፈትቶ በሬ ጠመደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባላምባራስ ቁርሳቸውን ሾላው ሥር፣ ምሳቸውን ገደሉ አፋፍ፣ መክሰሳቸውን ቀጋው ዘንድ አደረጉ። በየቦታውም የዶሮዎቹን ጉርሻ አይረሱም። መሶቡ ቦታ የሚለውጥበትን ሰበብ የሚጠይቅ ቀረ፤ ቁንጫውም ጉንዳኑም ተረሳ።

ባሻ ቸርነት ይህን ሁሉ ከደጁ ሆኖ ያይ ነበር። በፊት ሳቀ። ኋላ ሳቁን ተወ። ጥምቀት ሲያልፍ እህል አልወርድ አለው። በመጨረሻ፣ ባላምባራስ ወሰኑን ሊዞሩ አንድ ቀን ሲቀር፣ ሰው ሳያየው ሦስተኛውን የወሰን ድንጋይ ነቀለ። ጉድጓዱን በአፈር ደፍኖ ሣር አለበሰው። ድንጋዩን ከምንጩ ወዲህ አምጥቶ ተከለው። ባላምባራስ እዚያ ቆመው ከማሉ ምንጩ ከወሰናቸው ውጭ ቀረ ማለት ነው። የገዛ መሐላቸው ምንጩን ያስወስድባቸዋል።

ቀኑ ደረሰ። አገር ተሰበሰበ። ባላምባራስ ጓሉን በራሳቸው ላይ አድርገው ተነሡ። ከኋላቸው ዳኛው፣ ከዳኛው ኋላ ሕዝቡ። በባላምባራስና በዳኛው መካከል ግን ሌላ ሰልፍ ገባ፤ ቀይዋ ዶሮ ከነልጆቿ። ያኔ ጫጩት የነበሩት ቄብና አውራ ሆነዋል። ሕዝቡ በሳቅ ተንከተከተ። ዳኛው ሊያባርሯቸው ዘንጋቸውን አነሡና መልሰው ተዉት።

ሾላው ሥር ደረሱ። ባላምባራስ ማሉ። ዶሮዎቹ ጫሩ። ገደሉ አፋፍ ደረሱ። ባላምባራስ ማሉ። ዶሮዎቹ ጫሩ። ወደ ሦስተኛው ሲያመሩ ባላምባራስ ቀጥ ብለው ቆሙ። ድንጋዩ ከምንጩ ወዲህ ተተክሏል።

ባሻ ቸርነት ቀደም ብሎ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

«ወሰኑ ይኸው። ይማሉ።»

«ድንጋዩ ተነሥቷል» አሉ ባላምባራስ። «ወሰኑ ከምንጩ ማዶ ነው፣ ቀጋው ዘንድ።»

ከምንጩ ማዶ ያለው ግን ቀጋ በቀጋ ነው። የትኛው ቀጋ እንደሆነ ማን ይናገር? ሣሩም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ባሻ ቸርነት ከድንጋይና ከሰው የትኛው ይዋሻል እያለ ሕዝቡን ጠየቀ። ዳኛው ጺማቸውን ያዙ። ፀሐይዋ በረታች። ጓሉ ባላምባራስ ራስ ላይ ዘመም አለ። የአባታቸው ቃል ጆሯቸው ላይ ነው፤ አልተቀመጡም።

ዶሮዎቹ ግን ክርክር አያውቁም። የሚያውቁት ጉርሻ ነው። ድንጋዩን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ አለፉት። ምንጩን ተሻገሩ። ከቀጋው ሁሉ አንዱን ቀጋ መርጠው ሥሩ ተሰበሰቡና መጫር ጀመሩ። ጫር፣ ጫር፣ ቀና ብለው ባላምባራስን ያያሉ። ጫር፣ ጫር፣ ቀና ብለው ባላምባራስን ያያሉ። ሣሩ ተገፎ ተበተነ። ከሥሩ አዲስ አፈር ወጣ።

ዳኛው ሄደው ዘንጋቸውን ወደ አፈሩ ሰደዱት። እስከ እጀታው ገባ። ድንጋዩ ተነቅሎ ይምጣ አሉ። መጣ። አፈሩን ዝቀው ጉድጓዱ ውስጥ ቢያስገቡት ልክክ አለ።

«ዶሮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምስክር የሆነው?» ብሎ ባሻ ቸርነት ጮኸ።

«ምስክሩን የቆጠርከው አንተ ነህ» አሉ ዳኛው። «እንቁላል በእግሩ ሲሄድ አልክ። ይኸው ሄደ። ሲሄድም ወሰኑን ያውቃል።»

ባላምባራስ ሦስተኛውን መሐላ ማሉ። ዞረው ከተነሡበት ደረሱ። ጓሉን ከራሳቸው አውርደው ከመስኩ ላይ በቀስታ አኖሩት። ሴቱ እልል አለ፤ ከብቱ ወደ ምንጩ ተለቀቀ። በርጩማ ሲያቀርቡላቸው እምቢ አሉ። ወይዘሮ ማንአህሎሽን ፈልገው አጠገባቸው አቆሙና፣ የአባቴን አደራ ያስመለሰችልኝ እሷ ናት ብለው በሰው ፊት ተናገሩ።

የባሻ ቸርነት ፍርድ ደግሞ እንዲህ ሆነ። ምሳው ለአንድ ዓመት ከዚያ ከነቀለው ድንጋይ ሥር ይቀመጥለት፤ በእግሩ ሄዶ ይብላ፤ የመጨረሻዋንም ጉርሻ ለባላምባራስ ዶሮዎች ይስጥ ተባለ። የመጀመሪያውን ቀን ጉርሻዋን ሦስት ጊዜ ዘርግቶ ሦስት ጊዜ መለሳት። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ራሱ ዶሮዎቹን ይጠራ ነበር ይባላል። ይህን እኔ አላየሁም፤ የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ።

የዚያ አገር ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል ሳቅ የሚቀድመው ለዚህ ነው። ከተራራው መንገድ በቃሬዛ የተመለሱት ሰውዬ፣ በጥቂት በጥቂት እርምጃ መስኩን ዞሩት። እናንተም ነገ ተራራ እወጣለሁ ስትሉ ባላምባራስን አስቡ፤ መጀመሪያ እስከ ደጃፍ።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ። ዳቦዬን ግን እዚህ አታምጡት። ከዚያ ማዶ ካለው ዛፍ ሥር አስቀምጡልኝ፤ ሄጄ እበላዋለሁ።