የቀርከሃው ሸሪክ

ሰው ከባዶ ተነስቶ ሥራ ሊጀምር ሲል፣ ዛሬ ዛሬ ስታርትአፕ የሚሉትን ዓይነት ማለት ነው፣ «ብቻህን ነህ ወይስ ሰው አለህ?» ብሎ የሚጠይቀው አይጠፋም። ጠያቂው መልሱን ሰምቶ ራሱን ይነቀንቅና አንድ ተረት ይጥልበታል። ተረቱን የማያውቅ የለም፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ከጦር ሜዳ የመጣ ይመስለዋል። የመጣው ከመጋዝ ነው።

ነገሩ የሆነው ዝግባ አፋፍ በምትባል ደጋ ነው። በዚያ አገር ሳንቃ የሚወጣው በመጥረቢያና በሽብልቅ ነበር። አንድ ትልቅ ግንድ ለሁለት ይፈለጣል፤ ግማሾቹ ተጠርበው ተጠርበው ሁለት ሳንቃ ይሆናሉ፤ የቀረው እንጨት ሁሉ ለማገዶ ይሄዳል። ጎሹ የሚባል ጎልማሳ ድልድይ ከሚሠራበት ሩቅ አገር ሲመለስ ግን፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ በሁለቱም ጫፍ እጀታ ያለው መጋዝ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ከአንድ ግንድ ስምንት ሳንቃ ያወጣል አለ። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀበት፤ ካየ በኋላ ግንዱን እየጎተተ ደጁ ላይ ተሰለፈ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጉድጓድ ይቆፈርና ግንዱ በአፉ ላይ ይጋደማል። በከሰል የጠቆረ ገመድ ተወጥሮ ግንዱ ላይ መስመር ይመታል። አንዱ ሰው ግንዱ ላይ ወጥቶ መጋዙን ወደ ላይ ይስባል፤ ሌላው ጉድጓድ ገብቶ ወደ ታች ይስባል። ላይኛው ነፋስ አለው፤ ታችኛው ከመጋዙ የሚረግፈው ሰጋቱራ። ታች የሚቆመው የጎሹ ጎረቤት ዳምጤ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝግ ያለ፣ ወሬ የሚወድ ሰው።

ጎሹ ብርቱ ነበር። ሲጋልብ እንጂ ሲያቆሙት አይወድም። ዳምጤ ደግሞ ማቆም ነው ሥራው።

«ቁም!» ይላል ከጉድጓዱ።

«ደግሞ ምን ሆነ?»

«መስመሩ ሊሄድብን ነው። ትንሽ ወደ ግራ መልሰው።»

«ከዚህ እንደ ክር ቀጥ ብሏል እኮ!»

«የምታየው ላዩን ነዋ። ቆይ፣ ዓይኔንም ልጥረግ።»

ዓይኑን ሲጠርግ ደግሞ ወሬ ይጀምራል። የእህቱ በቅሎ ከማን ማሳ ገብታ ምን እንደበላች፣ ባለማሳው ምን እንዳለ፣ እህቱ ምን ብላ እንደመለሰችለት። ጎሹ እጀታውን ጨብጦ ከላይ ይቆማል፤ ጥርሱን ይነክሳል። በልቡ ደግሞ ያሰላል። እነዚህ «ቁም»ዎች ባይኖሩ በዚህ ሰዓት ሌላ ግንድ እንጀምር ነበር፤ ለዳምጤ የሚሄደው ግማሽ ሳንቃም ለእኔ ይሆን ነበር።

አንድ ቀን ስሌቱን በአፉ አወጣው። ነገሩ አባ እንየው ዘንድ ደረሰ። አባ እንየው የአገሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ምን በደለህ?» አሉት።

«አልበደለኝም፣ አባ። አዘገየኝ። የዚህ ሰው ‹ቁም› ቢሰበሰብ ጎተራ ይሞላል።»

አብሮ የቀረበው ዳምጤም ቃሉን ተቀበለ። «እሱስ ልጓም የበጠሰ በቅሎ አይደል? ከላይ ሲስብ እኔን ከነመጋዙ ያነሳኛል።»

«ታዲያ ታች ማን ሊቆምልህ ነው?» አሉ አባ እንየው።

«ሰው አይጠፋም።»

መጋዙ የጎሹ ስለነበር ለጎሹ ሆነ። ዳምጤ ድርሻውን ሳንቃ ይዞ ወደ ገብሱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ወደ ሰማይ ያዩ ነበር፣ ዝናብ የሚጠብቁ ይመስል።

ሰው ግን ጠፋ። ሰጋቱራ ለመቃም ጉድጓድ የሚገባ አልተገኘም፤ የገባውም ከምሳ በኋላ አልተመለሰም። ጎሹ ሰነፍ አልነበረምና አሰበ። አንድ የጠና ቀርከሃ ቆርጦ ሥሩን ከጉድጓዱ ግድግዳ ውስጥ በድንጋይ አጥብቆ ቀበረው፤ ጫፉን ከመጋዙ የታች እጀታ ጋር አሰረ። መጋዙን ወደ ላይ ሲስበው ቀርከሃው ይለመጣል፤ ሲለቅለት ቀርከሃው ወደ ቦታው ልመለስ ብሎ መጋዙን ወደ ታች ይጎትተዋል። ብቻውን ቆሞ እንደ ሁለት ሰው ሰነጠቀ።

አገሩ ሊያይ መጣ።

«ጎሹ፣ ሸሪክህ እንዴት አደረ?» ይሉታል።

«እግዚአብሔር ይመስገን! ድርሻ አይጠይቅ፣ ወሬ አያወራ፣ ቁም አይል።»

እውነቱን መካድ አይገባም፤ ቀርከሃው ሠርቷል። ለአልጋና ለበር የሚሆነውን ቀጫጭን እንጨት ጎሹ ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ያወጣው ነበር። ያልተናገረው ሌላ ነበር። ሽብልቅ ለማስገባት ይወርዳል፣ ለመሳብ ይወጣል፣ ደግሞ ይወርዳል። ደንበኛ መጥቶ ሲያናግረው መጋዙ ይቆማል፤ መጋዙን በሞረድ ሲስል ደንበኛው ይሄዳል። ንዳድ የያዘው ሰሞን ጉድጓዱ የዝናብ ውሃ ሞልቶ እንቁራሪት ገባበት። ማታ ቤቱ ሲገባ ማንኪያ የሚያነሳበት ክንድ አልነበረውም። ግን ብርቱ ነውና ቻለው፤ ስለቻለው ደግሞ ልክ ነኝ ብሎ አሰበ።

ወይዘሮ ይመኙሻል የጠሩት በዚህ ጊዜ ነው። እኒህ ባለጸጋ ሴት ለልጃቸው ሠርግ አዲስ ቤት እያሠሩ ነበር፤ ወለሉ በአገሩ ታይቶ የማያውቅ የሳንቃ ወለል እንዲሆን ፈለጉ። ለዚህም አባታቸው የተከሉትን ብቸኛ ዝግባ አስቆረጡ። ግንዱ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ነበር።

«ብቻህን ነህ አሉ።»

«ብቻዬን ነኝ፣ እመቤቴ። ግን እንደ ሁለት ነኝ።»

«አሳምረህ ካወጣህልኝ ከወንዝ ማዶ ያለውን ዳገት ከነዛፉ ለሥራህ እሰጥሃለሁ፤ ዕድሜ ልክህን ሰንጥቅበት። ከተበላሸስ? ዝግባ ገበያ አይወጣ፣ በአንድ ክረምት አይደርስ።»

ጎሹ አፉን ማን እንዳዘዘው አያውቅም። «ከተበላሸ መጋዜን ይውሰዱ!» አለ።

ለምስክርነት የተጠሩት አባ እንየው ዞር ብለው አዩት። «ልጄ፣ ለዚህች አንዲት ግንድ እንኳ ዳምጤን ብትጠራው…»

«ዳምጤ ገብሱን ያጭዳል፣ አባ።»

ግንዱ በበሬ ተጎትቶ ጉድጓዱ ላይ ተጋደመ። ጎሹ መስመሩን መታ፤ ሳበ፤ ለቀቀ፤ ሳበ። ከላይ ሲያየው መጋዙ ከከሰሉ መስመር ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ ቀጥታ በሕይወቱ አልሰነጠቀም። የመጀመሪያው ሳንቃ ከግንዱ ሲላቀቅ ሊያቅፈው ምንም አልቀረውም። ገለበጠው። የላዩ ጠርዝ አራት ጣት ውፍረት አለው፤ የታቹ ጠርዝ እንደ ቢላ ስል ነው። ወለል ሊሆን ቀርቶ ዶሮ የሚያሰፍር ቆጥ አይሆንም።

እንጨቱ ጠማማ ይሆናል ብሎ ሁለተኛውን ጀመረ። ግማሽ ላይ መጋዙ ተነከሰ። ሽብልቅ አስገባ፤ አልለቀቀም። በሁለት እጁ፣ በወገቡ፣ በነፍሱ ሳበ፤ መጋዙ እንደ ሰው አቃሰተ። አንድ ጊዜ ቢደግመው ለሁለት እንደሚሰበር እጁ ነገረው። ቁጭ አለ። በማግስቱ ወይዘሮ ይመኙሻል ሊያዩ ይመጣሉ። ዳገቱስ ይቅር፣ ያ መጋዝ ከሄደ ጎሹ እንደማንኛውም ሰው መጥረቢያ ይዞ ግንድ ፈላጭ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ወደ ቀርከሃው አየ። ቀርከሃው ታስሮ እንደተለመጠ ነው፤ ምንም የሚለው የለም።

ተነስቶ ወደ ዳምጤ ማሳ ሄደ። መንገዱ አጭር ነው፤ ለእሱ ግን ረዘመ።

ዳምጤ ከእህቱ ጋር ገብስ ሲያጭድ አገኘው። ቀና ብሎ አየውና ማጭዱን ትከሻው ላይ አደረገ።

«እንደምን ዋልክ፣ ዳምጤ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሸሪክህ ደህና ነው?»

«ተጣላን።»

«ውይ! እሱም ያወራል እንዴ?»

«ቢያወራ ኖሮ እዚህ አልመጣም ነበር።»

እህትየዋ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ዳምጤ ግን አልሳቀም። «ዝግባው ነው?» አለ።

«አንዱ ሳንቃ ተበላሽቷል። ሁለተኛው ላይ መጋዙ ተነክሶ ቀርቷል።»

«በጉልበት ስበኸዋል?»

ጎሹ የቆሰለ መዳፉን ወደ ኋላው ሸሸገ።

«ስበኸዋል» አለ ዳምጤ። «ባልመጣልህስ?»

«ነገ መጋዙን ይወስዱታል። አንተ የምትጠየቅበት ነገር የለም። ስለቸገረኝ ነው የመጣሁት።»

ዳምጤ ማሳውን አየ፣ ደመናውን አየ፣ እህቱን አየ። «ሂድ እንጂ!» አለችው። «እኔ አጭዳለሁ። ባይሆን አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ያድምጥህ።»

«ቁም ስል ግን ትቆማለህ» አለ ዳምጤ ለጎሹ።

«እቆማለሁ።»

ዳምጤ ጉድጓድ ገባ። መጀመሪያ ቀርከሃውን ፈታ። ከዚያ አንገቱን ቀልብሶ የግንዱን ሆድ ለረጅም ጊዜ አየ። «ከላይ ያማረ ነው አይደል?» አለ።

«መስመሩ ላይ ነው።»

«ከታች አራት ጣት ያህል ወደ ግድግዳው ሄዷል። ቀርከሃው ወደ ተቀበረበት ነው የሚስበው፣ ጎሹ። ሥሩ ወዲያ ነዋ! በቀጭን እንጨት አይታወቅም፤ በዚህ በወፍራሙ ግን ሲሄድ ሲሄድ ይኸው።»

መጋዙን ቀስ ብለው አስለቀቁት። ግንዱን በአጣና ገልብጠው ሆዱን ወደ ላይ አደረጉት፤ ከሌላው ጫፍ አዲስ መስመር መቱ። ጎሹ እጀታውን ጨበጠ፤ እንደለመደው ጡንቻውን ገትሮ ሳበ። መጋዙ በእጁ ላይ ቀለለ። የታችኛው እጅ እሱ ሲለቅ ይስባል፣ እሱ ሲስብ ይለቃል። ያን ጊዜ ነው ስንት ወር ሙሉ ግንድ ብቻ ሳይሆን ቀርከሃም ሲጎትት እንደኖረ የገባው።

«ቁም!»

ቃሉ ሳያልቅ ቆመ።

«ወደ ቀኝ፣ ትንሽ። በቃ። ሳብ።»

ደግሞ «ቁም!» አለ። ደግሞ ቆመ። ያ የሚያንገበግበው ቃል በመጣ ቁጥር አሁን ትከሻው ይላላል፤ ታች የሚያይለት ዓይን አለ ማለት ነው። ምስጋናውን ሊናገር ፈለገ፤ ለምዶበት አያውቅምና ተወው። ዳምጤ ዓይኑን ሊጠርግ ሲቆም ጎሹ ከላይ ጎንበስ አለ።

«እኔ የምልህ» አለው፣ «የእህትህ በቅሎ ነገር መጨረሻው ምን ሆነ?»

«እሷማ…» አለ ዳምጤ ቀስ ብሎ፣ «እሷማ ከዚያ የባሰ ነው የሠራችው።» እየሰነጠቁ ተረከለት። ታሪኩ በእርግጥ አስቂኝ ነበር፤ ጎሹ ከዚያ ቀን በፊት መጨረሻውን ሰምቶት አያውቅም።

በማግስቱ ወይዘሮ ይመኙሻል አባ እንየውን አስከትለው ሲመጡ የተስተካከሉት ሳንቃዎች ተደርድረው ጠበቋቸው። ዳምጤ የተበላሸውን ፈልጠን እንሸሽገው ብሎ ነበር፤ ጎሹ እምቢ ብሎ ከፊት ለፊት አቆመው።

«ይህ የማነው?» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ስሉን ጠርዝ በጣታቸው እየነኩ።

«የእኔ ነው፣ እመቤቴ። ሌሎቹ የሁለታችን ናቸው።»

«ውላችን ምን ነበር፣ አባ እንየው?»

አባ እንየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከተበላሸ መጋዙ የእርስዎ ነው።»

«እንግዲያው አምጣው።»

ጎሹ አልተከራከረም። መጋዙን በሰጋቱራ ጠርጎ አቀረበ። ሴትየዋ አገላብጠው አዩት። «እኔ በዚህ ምን ልሠራበት ነው?» አሉ። «አንተ ይህን እጀታ ያዝ። አንተ ሰውዬ ደግሞ ያንን ያዝ። ሰጥቻችኋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ መጋዙ የሁለታችሁ ነው። አንዳችሁ ለብቻዬ ልሂድ ያለ ቀን ግን ወደ እኔ ይመለሳል። ሳንቃዬን ጨርሱና ዳገቱን ጀምሩ።»

ጎሹ ጠዋት ባዶ እጁን ሊቀር የተዘጋጀ ሰው ነበር። ግማሽ መጋዝና አንድ ሸሪክ ይዞ ሲቀር ጎንበስ ብሎ የሴትየዋን ጉልበት ሳመ፤ ከዚያ ዳምጤን ሳይተያዩ አቀፈው። ከዚያ በኋላ አልተጣሉም የሚል ካለ ይዋሻል። ዳምጤ ያረፍድ ነበር፣ ጎሹም ይጮህ ነበር። ግን አንዱ ንዳድ ሲይዘው ሌላው ግንድ ያስመጣል፤ አንዱ ደንበኛ ሲያናግር ሌላው መጋዝ ይስላል። ጉድጓዱ ዳግም እንቁራሪት አልገባበትም።

በሠርጉ ቀን ሚዜዎቹ በዝግባው ወለል ላይ ሲጨፍሩ ሳንቃው እንደ ከበሮ አስተጋባ። ከሙሽራው ወገን የመጣ አንድ እንግዳ ጎንበስ ብሎ ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰና «ይህን የሠራው ማነው?» አለ። ጎሹን አሳዩት።

«ብቻህን? እንዴት ያለህ ብርቱ ነህ!»

ጎሹ የጎረሰውን ዋጠ። ዝም ቢል ማንም አይቃወመውም ነበር። «ብቻዬን የሰነጠቅኩት ውጭ ነው ያለው» አለ፣ «ፍየል ትተኛበታለች። ይህ የእኔና የዳምጤ ነው።»

እንግዳው ቀጭኑን ዳምጤንና ትከሻ ሰፊውን ጎሹን እያፈራረቀ አየ። «እሺ፣ ግን እውነቱን ንገሩኝ፤ ጉልበቱ የማን ነው? ይህን ያህል ብርቱ ሰው ሌላ ምን ያስፈልገዋል?»

ዳምጤ ሰፊ መልስ ሊጀምር አፉን ከፈተ። አባ እንየው ግን እጃቸውን ጉልበቱ ላይ ጣል አድርገው «ቁም» አሉትና ወደ እንግዳው ዞሩ፤ «ይህ ሰው ብርታቱን ብቻውን ሞክሮት ነበር፣ ወንድሜ፤ መጋዙን ሊያጣ ሲል ያዳነው ሁለት መሆኑ ነው፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ።»