እስከ አፋፉ ያረሰው ሰው

ልየው የሚባል አናጢ የኔታ ዘንድ መጣና «የኔታ፣ ታናሽ ወንድሜን ሰው ፊት በሰደብኩት ቁጥር ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ባለፈው ጃኬት ገዛሁለት። ታዲያ ለምን እየራቀኝ ሄደ?» አላቸው።

የኔታ በረጅሙ ተነፈሱ። «ይህን ስትጠይቀኝ ዘንድሮ አራተኛህ ነው። አሁንስ ተቀመጥና ስማ» አሉት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ማሳው ወንዝ ዳር ነው። አባቱ ከአፋፉ አሥር እርምጃ ያህል ሳያርሱ ስለተዉት፣ ሣርና ቁጥቋጦ በቅሎ አፈሩን ይዞት ኖሯል። ልጅየው ግን «ይህ ሁሉ መሬት ለምን ጦሙን ያድራል?» ብሎ መነጠረና እስከ አፋፉ ድረስ አረሰው።

ክረምት ገባ። ወንዙ ሞላና ሁለት እርምጃ መሬት ንዶ ወሰደ። ሰውዬው በጋውን ሙሉ ወገቡ እስኪቆረጥ ድንጋይ ተሸክሞ ዳሩን ካበ። ያየው ሁሉ አዘነለት። ከዚያስ? ከዚያማ መልሶ እስከ አፋፉ አረሰ! በተከታዩ ክረምት ጎርፉ ካቡንም መሬቱንም ጠርጎት ሄደ። እንደገና ካበ፤ እንደገና አረሰ።

በሦስተኛው ዓመት ከወንዙ ማዶ የምታርሰውን ጎረቤቱን «ውሃውን ወደኔ የምትገፊው አንቺ ነሽ!» ብሎ ጮኸባት።

«እኔ አንድ ድንጋይ አልካብኩም» አለችው። «ዳሩን አላርሰውም፤ ይኸው ነው። ሣሩ ሥር ሰዷል።»

«አንድ ትልም ብጨምር ምን ይመጣል?» አለና በሬዎቹን ወደ አፋፉ ነዳ።

መሬቱ ከሥራቸው ተናደ። አንደኛው በሬ ወንዙ ውስጥ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። አገሬው እየሮጠ ሲደርስ ሰውዬው ጭቃ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። «በሉ እርዱኝ፣ ድንጋይ እናምጣ!» አላቸው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሚስቱ ግን ካስማ አነሳች፤ ከአፋፉ አሥር እርምጃ ቆጥራ ተከለችው። «ሞፈርህ ከዚህ ካለፈ እኔ ቤትህ የለሁም!» አለችው።

በዚያ ዓመት ዳሩ ሳይታረስ ቀረ። ሣሩ ቀስ እያለ በቀለ። ከሁለት ክረምት በኋላ ወንዙ ሞልቶ መጣ፤ የማሳው ዳር ግን አልተናደም። የሄደው መሬት አልተመለሰም፤ የቀረው ቀረለት።

የኔታ ወደ ልየው ዞሩ። «ይቅርታህ ያ ካብ ነው። ደክመህበታል፤ አልነቅፍህም። ነገር ግን ካብህን በጨረስክ ማግሥት ወንድምህን መልሰህ ታዋርደዋለህ። ምላስህን ከአፋፉ አርቀው! እሱ እስኪያምንህ ጊዜ ይፈጃል። እስከዚያው፣ እባክህ ልየው፣ ሌላ ጃኬት አትግዛለት።»