የጋሽ ደምሰው ረጅም ገመድ

ተረት ተረት! የላም በረቱን ዝጉትና ስሙ።

መራመድ የማይወዱ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ሰው ነበሩ። ውሻቸው ቦራ ዕድሜውን ሙሉ ግንድ ላይ ታስሮ ኖሯል። አንድ ቀን፣ “ዛሬ ሽርሽር አወጣሃለሁ። ከረበሽክ ግን ደጁን ዳግመኛ አታየውም” አሉት። ቦራ ከደስታው ይልቅ ፍርሃቱ በለጠበት።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰንሰለት፣ “እኔን ይውሰዱኝ፤ አንገቱን አነቅ ሳደርገው ልክ ይገባል” አለ።

አጭሩ የቆዳ ጠፍር ደግሞ፣ “በእኔ ከሆነ ጎን ለጎን መሄድ ይማራል። እርስዎም አብረውት ይራመዳሉ” አለ።

“ምን በወጣዎት ጋሼ!” አለ ረጅሙ ገመድ። “እርስዎ ይቁሙ፣ እሱ ይዙር።”

“ይሄ ነው ሰው ማለት!” ብለው ጋሽ ደምሰው ገመዱን ወሰዱት።

ሜዳው ላይ ዛፍ ተደግፈው፣ “ዙር!” አሉ። ቦራ ደጁን እንዳያጣ ዞረ። “ጎበዝ!” ሲሉት እንደገና ዞረ። እሳቸው እያንጎላጁ “ጎበዝ” ሲሉ፣ እሱም ሲዞር ቆዩ። በመጨረሻ ባነው ቢያዩ ከደረት እስከ ጉልበታቸው ከዛፉ ጋር ተተብትበዋል። ጩኸታቸውን አቀለጡት።

በዚያ የምታልፍ አህያ ደንግጣ፣ “ውይ! ምን ሆነው ነው?” አለች።

“ተያቸው” አላት ቦራ ቁጭ ብሎ። “አዲስ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም እንጮሃለን።”